ወደ ግራ ያዘመሙ ዘፈኖች

ጋሼ ሲሞት ስምንት ዘፈን ትቶ ነው። በአሮጌው ላፕቶፑ ውስጥ «ያለቁ» ብሎ ስም ባወጣለት ፎልደር ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። ያለቁ ይበላቸው እንጂ ገና ነበሩ።

ወንድሜ ነው፤ በአራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። ቀን ቀን ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይሠራል። ከሥራ ሲመለስና እሑድ እሑድ ደግሞ ጠባቧ የዕቃ ክፍል ይገባና በሩን በፍራሽ ደግፎ ይቀርጻል። ጊታሩም፣ ድምፁም፣ ከበሮውም የራሱ ነው። ከበሮው እርግጥ የጫማ ካርቶን ነው፤ ሲሰሙት ግን ከበሮ ይመስላል።

ዘፈኖቹ የቀራቸው ማስተር መደረግ ነበር። ይህን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም ነበር። የገባኝ ወደ ራሴ ሙያ ስመነዝረው ነው። እኔ ልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ላይ ነው የምሠራው። ሚክስ ማድረግ ማለት ድምፁን፣ ጊታሩንና ከበሮውን በየልካቸው ቆርጦ አንድ ልብስ አድርጎ መስፋት ነው። ማስተር ማድረግ የተሰፋውን መተኮስ ነው። ካውያ እጅጌ አይቀጥልም፣ ቁልፍ አይተክልም። የተጨማደደውን ያቃናል፣ የተኛውን ኮሌታ ያቆማል፤ ካበዙበትም ያሳርራል።

የማስተር ፕሮግራሙን ጋሼ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጭኖት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልከፈተውም። እኔ ከፈትኩት። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያቆምኩ፣ መልሼ እያየሁ ደብተር ላይ በራሴ ቋንቋ ጻፍኩ። «ሊሚተር፦ ድምፁ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ ክዳን።» መጀመሪያ ሁለት ወር የነካሁትን ሁሉ አሳረርኩ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል «አንቺ፣ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ አስገባሽ?» ብላ ጮኻብኛለች።

እልሁን የሰጠኝ እታበባ ናት። እታበባ የምላት የጋሼን ሚስት ነው። እሷ ዘፈኖቹን ትስማልኝ እንጂ ሌላው ሰው ቢሰማቸው ባይሰማቸው ግድ አልነበረኝም። እሷ ደግሞ እንኳን ልትሰማ፣ ስማቸው ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኳት። በሦስተኛው ወር የጋሼን ሸሚዞች አብረን ስናጥፍ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«አኩርፎኝ ነው የሞተው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ዛሬ ነገ እያለ ወር አሳለፈው። አንድ ማታ ተናደድኩና የማይባል ነገር ተናገርኩት። ከብረት ጋር እየዋልክ ብረት ሆነሃል አልኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ፣ ‹ይቅር በለኝ፣ ትናንት አብዝቼዋለሁ› አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አሰረ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ልቡ ቆመ ብለው ጠሩኝ።» ሸሚዙን አጥፋ ስታበቃ እንደገና ዘረጋችው። «አሁን የሱን ዘፈን ስሚ ትይኛለሽ? ለኔ አንዲት ቃል የነፈገኝን ሰው?»

ጋሼ እንደዚያ ነበረ። ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይዞርም። ሰፈሩ «ጌታው» ብሎ ስም ያወጣለት በዚህ ነው። «ጌታውን ሰላም ብዬው አለፈኝ» ያላለ ጎረቤት የለም። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ አኩርፌዋለሁ።

ስለዚህ መተኮሴን ቀጠልኩ። እጄ እየተፈታ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ፕሮግራሙ ላይ የግራና የቀኝ ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ። በጤናማ ዘፈን ሁለቱ እንደ መንታ አብረው ነው የሚዘሉት። የጋሼ ዘፈኖች በሙሉ ወደ ግራ ያዘምማሉ። ከአራት ዓመት በፊት የቀረጸው የመጀመሪያው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አራተኛው ላይ ይታወቃል። ስምንተኛው ላይ የግራው ከፍ ማለቱ ሳያንስ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ እንደ መርፌ ጆሮ ይወጋል።

ሁሉን በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ ብጫነው ግራና ቀኙን እኩል አደረገልኝ። ቁጥሩ አማረ። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማለፍ አልሆነልኝም። ልብስ ስተኩስ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ያለ ኮት ሲመጣ ጥፋቱ የሰፊው ይሁን የለባሹ ሳልለይ ካውያ አላሳርፍበትም። በመጨረሻ ጋሼ ሲቀርጽ በሚያደርገው ጆሮ ማዳመጫ ፈረድኩ። የግራው ደክሞ ስለነበር ጋሼ የግራውን ድምፅ ሲጨምር ኖሯል አልኩና፣ ማዳመጫውን ይዤ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ።

ጠጋኙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው። ሽቦውን ከአንድ ሣጥን ጋር አገናኙ፣ አዳመጡ፣ አገላብጠው እንደገና አዳመጡ።

«ምንም የለውም» አሉኝ።

«የግራው አልደከመም?»

«ይሄ ከኔም ካንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«አባባ፣ እስቲ እንደገና ይዩት። የሆነ ነገርማ አለው።»

«ልጄ፣ ሽቦ ስነካካ ሸብቻለሁ። የሰማበትን ጆሮ አምጪልኝና እሱን ልለካልሽ!» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

እኔም ስቄ ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር መሐል ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። አንድ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እህት፣ መንገዱን ከአባትሽ ነው የወረስሽው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ጋሼን ነበር የማየው። ገበታ ስንቀርብ ሁልጊዜ በስተግራ ያለችውን ወንበር፣ የግድግዳውን ጥግ ይይዛል፤ ሁላችንም በቀኙ እንሆናለን። ስልክ የሚያናግረው በቀኝ ጆሮው ነው። አብረን ስንሄድ በግራው ከሆንኩ ክንዴን ይዞ ወደ ቀኙ ያዞረኛል። ከመኪና ሲከልለኝ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥ ብዬ ብረታ ብረት ቤቱ ሄድኩ። እዚያ ከጋሼ ጎን ዕድሜውን የጨረሰ በያጅ አለ፤ ብልጭታ ነው የሚሉት። የፊት መከላከያውን ገፍቶ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሰላም አለኝ።

«ብልጭታ፣ የጋሼ የግራ ጆሮ አይሰማም ነበር እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

መልሱ ያ ነበር። አንዴ ካመለጠው በኋላ ዘረገፈው። የብረት መቁረጫው ማሽን ከጋሼ በስተግራ ነበር የቆመው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። «ጥጥ ወትፍ ስለው ይወትፋል፤ ሙቀት ሲሆን ያወጣዋል። መጀመሪያ ያፏጭብኛል ይል ነበር፤ በኋላማ በዚያ በኩል ብትጮኺበትም ወሬ የለም።»

«ለምን አትነግሩንም?»

«አስምሎኝ! ‹ደንቆሮ ዘፋኝ› እንዳይባል ነዋ። ይሄ ሠፈር ደግሞ እንኳን ይህን አግኝቶ...» ጓንቱን አወለቀ። «አኮራፊ ቢሉኝ ይሻለኛል ይል ነበር።»

ልሄድ ዞር ብዬ ተመለስኩ። «የመጨረሻው ቀን ጠዋት ፊቱ እንዴት ነበር? የተቀየመ ይመስል ነበር?»

«ማን፣ ጌታው? እያፏጨ ነው የገባው። ‹ዛሬ በጊዜ እወጣለሁ፣ ቧንቧ አለብኝ› አለኝ። መፍቻ ተውሶኝ ኪሱ ከትቶት ነበር።»

እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዤ እታበባ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ቦርሳዬን ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ነግሬሻለሁ።»

«ዘፈን አላሰማሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ከዚያ አባሪኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያስር የት ነበር የተቀመጠው?»

«እዚህ ነዋ። ሌላ ምን መቀመጫ አለ?» መግቢያው ላይ ያለችውን አግዳሚ ወንበር አሳየችኝ። ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀኝ ትከሻው ግድግዳውን ይነካል።

«አንቺስ የት ቆመሽ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እዚህ፣ በወጥ ቤቱ በር በኩል። ግድግዳው ውስጥ ልቆም ኖሯል?»

«በግራው ማለት ነው።»

«በግራው። እና?»

ነገርኳት። ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ ስለ ጠጋኙ፣ ስለ ብልጭታ፣ ስለ መቁረጫው ማሽን። ቆማ ሰማችኝ። እኔ እንባ ነበር የጠበቅኩት፤ እሷ ግን ቱግ አለች።

«አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስተኛ በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ አላውቅም! ለብልጭታ ይነገራል፣ ለኔ አይነገርም?»

«ብልጭታ አጠገቡ ውሎ ነው የደረሰበት፤ እሱንም አስምሎታል።»

«አንቺ ደግሞ ትከላከይለታለሽ! ወንድምሽ አይደል!» አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ቀኝ ትከሻዋ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቀስ ብዬ ነው ያልኩት» አለችኝ። «አፍሬ ስለነበር በሹክሹክታ ነው ያልኩት።»

«አልሰማሽም፣ እታበባ።»

«አልሰማኝም።» ቃሉን እንደ አዲስ ልብስ ለካችው። «እሺ፣ እንዳላኮረፈኝ አወቅኩ። ይቅርታዬስ? እሱም አልደረሰውም ማለት ነው።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ልዋሻት አልፈለግኩም። «አልደረሰውም» አልኳት። «ግን የጠበቀውም አይመስለኝም። ለብልጭታ ‹ቧንቧ አለብኝ› ብሎታል። መፍቻም ተውሶ ነበር።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ስታለቅስ መሐል ላይ ሳቅ አመለጣት። «መፍቻ! ቤት ውስጥ ሦስት መፍቻ እያለ! ዕቃውን መቼ ያውቀዋል!»

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሁለቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ የተወውንና እኔ ያቃናሁትን። የቱን ልክፈት ብላት የሱን አለች። ስምንተኛውን ከፈትኩላት። ግራዋን ሲወጋት ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን አላወለቀችውም።

«እሱ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሰማው?»

«ለሱ እኩል ነው የሚሰማው። በዚያ በኩል ያጣውን እየጨመረ እየጨመረ፣ እኩል እስኪመስለው።»

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የኔን አስከፈተችኝ። ግራው ወርዷል፣ ቀጭን ቀጭኑ ለዝቧል፣ የጋሼ ድምፅ መሐል ላይ ቆሟል። በፕሮግራሙ ቁልፍ አይደለም፤ ያንን ትቼ በጄ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ የሠራሁት ነው። እኔ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ የሷን ፊት ነበር የማየው። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ደህና ተኳሽ ነሽ» አለችኝ። «ለሰው ይሄንን ስጪ። ጉድለቱን ለመንደር አናሰማበትም፤ ራሱም አልፈለገም። የፊተኛውን ግን እንዳትሰርዢው፣ እዚህ ላይ ገልብጪልኝ።» ስልኳን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት የሷ ቤት ነው ሥራው። እኔ ሠርቼ አመጣለሁ፣ እሷ ትሰማለች። መጀመሪያ በማዳመጫ፣ ቀጥሎ በስልክ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት ባለው ትንሽ ሬዲዮ፤ በሦስቱም ካላማረ አላለቀም። ይህን ከቪዲዮ ነው የተማርኩት፣ እሷ ግን አሁን ከኔ በላይ ታጠብቀዋለች። ሳህን እያጠበች፣ ውሃውን ዘግታ፣ «እዚያ ጋ፣ መልሺው» ትላለች። ስድስቱ አልቀዋል። የምንጣላው በሁለተኛው ነው።

«ጊታሩ ድምፁን ይጫነዋል» አለችኝ ባለፈው። «ወንድሜ ነው ብለሽ አትለፊው።»

«እታበባ፣ አንድ ላይ ተሰፍቷል እኮ። ጊታሩን ለብቻው መንካት አይቻልም።»

«እኔ ምን አገባኝ? ተኳሿ አንቺ አይደለሽ?»

ጊታሩ የሚበዛበትን የድምፅ ቦታ ፈልጌ ግማሽ ዴሲቤል፣ ጆሮ እምብዛም የማይለየውን ያህል፣ ቀነስኩለት። ሰማችው፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አሁንም ይጫነዋል አለች።