የላጲሶ የማዕበል ሰሌዳ

ላጲሶ ሰሌዳውን ለመሥራት ሁለት ወር ፈጀበት። ሳሊተ ምሕረት ያለው ወርክሾፓችን ከፋይበርግላስ የውሃ ታንከርና የመኪና ባምፐር ይሠራል። እሱ ተሠርቶ የወጣውን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ሠራተኛ ነው፤ እኔ የስቶር ኃላፊ ነኝ። አለቃችን ጋሽ ኃይለሚካኤል እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ቁልፍ የያዘችልኝ ባለዲግሪ ናት፤ ኬሚስት!" ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ፎሙን ያመጣው ቦሌ ካለ ዲኮር ቤት ነው። ከሙሽሮች ጀርባ የሚቆሙትን ነጭ የፎም ሰሌዳዎች ሰርጉ ሲያልፍ ይጥሏቸዋል። ላጲሶ አምስቱን ለቅሞ በኮላ ደራረበ፣ በጋለ ሽቦ ቆረጠ፣ ጫፉን እንደ ዓሣ አፍ አሾለው። ላዩ ላይ "ዊንታ እና ቂርቆስ" የሚል የወርቅ ቀለም ቀርቶ ነበር፤ አልፋቀውም። ያደገው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣውላ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ማዕበል ይጋልቡ እንደነበር ነግሮኛል።

ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያላቸው ወይዘሮ ሶሬቲ ታንከር ሊያዙ መጥተው ቅርጹን አዩት።

"ለቅዳሜ ጨርሰህ አሳየኝ፤ ከወደድኩት አሥራ ሁለት ትሠራልኛለህ። መሥሪያ ቦታም እዚያው እሰጥሃለሁ" አሉት።

ከዚያ በኋላ ላጲሶ ሲሠራ ያፏጭ ጀመር።

"አድሚራል! መርከቧ መቼ ነው የምትነሳው?" ይለዋል ቀለም ቀቢው አምላኩ።

"ቅዳሜ።"

"ሲኤምሲ ጎርፍ ሲሞላ ታሻግረናለህ አይደል?"

"ሌላውን ሁሉ። አንተን በዚህ ሆድህ አልጭንም።"

የቀረው በፋይበርግላስ መሸፈን ብቻ ነበር። ስቶሩ ውስጥ ታንከር የምንሠራበት ሬዚን፣ ሲቀቡት የሚደርቀው ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ በበርሜል፣ ኢፖክሲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በሁለት ቆርቆሮ አለ። የታንከሩ ሬዚን ነጭ ፎም ሲነካ፣ የፈላ ውሃ ጨው እንደሚያሟሟ ያሟሟዋል። ኢፖክሲ አይነካውም። ሠራተኞቹ ሬዚን ፎም ላይ ቀብተው ስለማያውቁ ይህን አያውቁም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ኃይለሚካኤል ስቶር ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ልጁ ሊሄድብኝ ነው። እንደሱ የሚያለሰልስ ከየት አመጣለሁ?"

የዕቃ መዝገቤ ላይ አቀረቀርኩ።

"የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"በወሩ መጨረሻ፣ ጋሼ።"

"ጎበዝ። ዝምታሽን እወደዋለሁ" ብለው ወጡ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ላጲሶን ሁሉም እየሰማ ጠሩት። "ከበርሜሉ የሚበቃህን ውሰድ። ስጦታዬ ነው፤ መርቄሃለሁ፣ ልጄ!"

ላጲሶ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ባልዲውን ይዞ እኔ ጋ መጣ።

"መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ልሞክረው እንዴ?"

"ኬሚስቷ እያለች የምን ሙከራ ነው?" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል ከበሩ ላይ። "እሷን ጠይቃት!"

"እንቁዬ፣ ይሆናል?"

ኢፖክሲው ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

"ይሆናል" አልኩት።

ሥራ ቆሞ ሁሉም እንዲያይ ተጠራ። ሬዚኑ ሲፈስ ሰሌዳው እንደ አዲስ መኪና አንጸባረቀ፤ አምላኩ እልል አለ። ላጲሶ እየሳቀ በብሩሹ አዳረሰው። ከዚያ መሐሉ ጎደጎደ። ድምፅ አልነበረውም። "ዊንታ" የሚለው ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ የሾለው ጫፍ ታጠፈ። ላጲሶ በመዳፉ ሊጠርገው ሞከረ፤ ፎሙ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ከእጁ ጋር መጣ። ሸሚዙን አውልቆ ጠረገበት፤ ይብስ ሰፋ።

"ውሃ! ውሃ ስጡኝ!"

"አድሚራል፣ ውሃ ሳትገባ ሰመጠችብህ እኮ!" አለ አምላኩ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኃይለሚካኤል እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወደ እኔ ሲያዩ እኔም ፈገግ አልኩ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ሶሬቲ መጡ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ራሳቸው ወደተጨማደደው ነገር መሯቸው።

"ምንድን ነው ያደረግከው?" አሉት ሴትዮዋ ላጲሶን።

"ሬዚኑ በላው፣ እትዬ።"

"የሚያውቅ ሰው አላማከርክም?"

ላጲሶ አየኝ። ሬዚኑ ያቃጠለው እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

"አላማከርኩም። የራሴ ጥፋት ነው።"

"እኔ እንግዶቼን ነው ውሃ ላይ የምሰድበት። እንዲህ ሳይጠይቅ የሚሠራ ሰው አልቀጥርም።"

"ቅርጹ ጥሩ ነው፤ እኛ በኢፖክሲ እንሠራልዎታለን" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ።

ሰኞ ጠዋት ላጲሶ ብርጭቆ ወረቀት ሊወስድ ስቶር መጣ። አሥራ ሁለቱን ሰሌዳዎች የሚያለሰልሰው እሱ ነው ተብሏል።

"አንቺ እንኳ ተምረሽ ካላወቅሽው፣ ከባድ ነገር ነው ማለት ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ። ከባድ ነው።"

"አይዞሽ፣ አልተቀየምኩም። ግን እንቁዬ፣ ለወይዘሮ ሶሬቲ ደውለሽ፣ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብትያቸውስ? አንቺን ይሰሙሻል። ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል።"

ቁጥራቸው ፊቴ በተዘረጋው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱን ገለበጥኩት።

"ስልካቸው የለኝም" አልኩት። "ሻካራውን ነው ወይስ ለስላሳውን?"

"ሁለቱንም ስጪኝ" አለ።