መጨረሻ የሌላት ጅብ

ይታየው ስምንተኛ ክፍል ሳለ መምህር ደምሌ ሰሌዳው ፊት አቁሞ «አንድ ታሪክ ንገር» አለው። ይታየውም የአያቱን አህያ ከነጭነቷ የዋጠች ጅብ አወራ። መምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «መቼት የለው፣ ግጭት የለው፣ ጡዘት የለው፤ መጨረሻማ ጭራሽ። ይኼ የወፍጮ ቤት ወሬ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አርብ ገበያ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ «መጨረሻ የለሽ» ይለው ጀመር። ትምህርቱን በዚያው ተወው። ቂሙን ግን እንደ ቋንጣ ሰቀለው።

ዘንድሮ በታኅሣሥ የአቶ ካሳ ስንዴ ሲወቃ ደቦ ተጠራ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው፤ መምህር ደምሌ። የካሳን ልጅ ሰናይትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል፤ አቶ ካሳ ግን «እስቲ በሥራ ልየው» ብለው መልሱን ይዘውበታል። እሱም ገለባ የሚያነሣበት አዲስ መንሽ ገዝቶ ከተፍ አለ።

አውድማ ላይ «አለቀ» አይባልም። የመጨረሻዋ ቁና ስትሰፈር እንኳ «በረከተ» ነው የሚባለው፤ «አለቀ» ሲባል የሰማ በረከት ጥሎ ይሄዳል። ይህን የጋይንት ሕፃን ያውቀዋል። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገው፣ አውድማ ረግጦ የማያውቀው ደምሌ ግን አያውቅም። ይታየው ደግሞ አለማወቁን ያውቃል።

ምርቱ ተከምሮ ጠላው ሲዞር ይታየው ተነሣ።

«መምህር፣ ያችን ጅብ አስተካክያታለሁ። ይስሙኝማ።»

«በል እስቲ፣ መጨረሻ የለሽ» አለ ደምሌ። ሰዉ ሳቀ።

«መቼቱ ይኸው አውድማ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጅቧ፤ ግጭቱ ከጋሼ ካሳ በሬዎች ጋር።»

ጅቧ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ዋጠቻቸው። በሬዎቹ ሆዷን አረሱት። ስንዴው በጆሮዋ በቀለ፤ ጀርባዋ ላይ የወፍ መጠበቂያ ማማ ተሠራ። ብድግ ስትል የንፋስ መውጫ ከተማ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ዋለ። ሆዷ ውስጥም ደቦ ተጠራ።

«አንድ ቁና ሰፈሩ። ደግሞ ሌላ ቁና ሰፈሩ። ደግሞ ሌላ...»

«ጡዘቱስ?» አለ ደምሌ።

«እየመጣ ነው፣ መምህር። ደግሞ ሌላ ቁና ሰፈሩ። ደግሞ ሌላ...»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። ደምሌ የሰናይት አባት ሲስቁ አየና የሚስቁት በእሱ መሰለው።

«ታሪክ መጨረሻ ያስፈልገዋል አላልኩህም?»

«እኔማ ትምህርት አቋርጫለሁ። እርስዎ ይንገሩን፤ መጨረሻ ላይ ምን ይባላል?»

«አለቀ ይባላላ። እህሉ አለቀ፣ ታሪኩም አለቀ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አቶ ካሳ አማተቡ።

«ምርቴ ላይ ቆመህ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ እኮ ስለ ጅቧ...»

«ያን መንሽ ውሰድ፣ ልጄ። ከዚህ ቤት ሌላ የምትወስደው የለም።»

ደምሌ ዞሮ ይታየውን አየው። ይታየው ገለባ ከሱሪው እያራገፈ፣ «ጡዘቱ ይኼ ነው፣ መምህር» አለው።

ሰውዬው መንሹን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ያዘ። የአቶ ካሳ ጎረቤት ላቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጅቧስ ምን ሆነች?» ሲል ጠየቀ።

ይታየው የደምሌ ጀርባ ከቁልቁለቱ ጥግ እስኪሰወር ጠበቀ።

«በረከተች» አለ።