ከፀሐይ የመጣ አይገባም

ሸዋ ሮቢት ያለው የስኳር ሕሙማን መረዳጃ ማኅበር ንብረቱ ሦስት ነው፤ አንድ ማኅተም፣ አንድ የስኳር መለኪያና አንድ ፍሪጅ። ማኅተሙን ሊቀመንበሩ ጋሼ ደምሴ በመሐረብ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። መለኪያው ነርሷ ሲስተር ሩት ዘንድ ነው። ፍሪጁ ደግሞ በፈይሩዝ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን ቆሟል።

ፈይሩዝ ስኳር የለባትም። ማኅበሩ ውስጥ የገባችው ቤቷ ስለሚቀዘቅዝ ነው። አላህ ይዘንላቸውና አባቷ ክንድ በሚሞላ ድንጋይ ያሠሩት ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የኮሚቴው ሰዎች መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ይሄማ ደብረ ሲና ነው» ተባባሉ። በሮቢት ሙቀት ቀዝቃዛ ቤት ያላት ሴት ከኮሚቴ አታመልጥም። በሳምንቱ ፍሪጁ በጋሪ መጣ።

ፍሪጁ ውስጥ የአሥራ አራት ሰው ኢንሱሊን አለ። ሁሉም በእጅ የሚይዙትን አንድ አንድ ብልቃጥ ቤታቸው በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡና ቀሪውን ፈይሩዝ ዘንድ ይተዉታል። ደንቡ አንድ ነው፤ ከመድኃኒት በቀር ምንም አይገባም። ፈይሩዝ በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ የገዛ ወንድሟ አንድ ጠርሙስ ውሃ አቅፎ ቢመጣ መልሳዋለች። ወንድሟ እስከ ዛሬ ሰላም ሲላት ፊቱን ትንሽ ያዞራል።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የጠፋው ከሰፈር ሳይሆን ከከተማ ነው። «መስመሩ ላይ የሆነ ነገር ሆኗል» ተባለ፤ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሲስተር ሩት ጋውኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ፈይሩዝ፣ እንዳይከፈት። ካልተከፈተ እስከ ነገ ማታ ይቆይልናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መብራት ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

ጤና ጣቢያ ያለው ፍሪጅም በዚያው መብራት ነው። ጄኔሬተር ያላቸው ነዳጅ የላቸውም። ሽቅብ ደብረ ሲና ቢወሰድ ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነበር፤ መንገዱ ግን ሰሞኑን አይኬድም ተብሏል። አዲስ መድኃኒት የሚመጣው ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ ነው።

«አይከፈትም» አለች ፈይሩዝ።

ያላሰበችው ጠያቂን ነው። በዚያ ሰፈር ሰው ወይም የሰው ነገር ችግር ላይ ሲወድቅ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው፤ የቀረ ሰው ቂም ይያዝበታል። አሥራ አራት ሕመምተኛ ደግሞ እናት አለው፣ አማት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ አብሮ አደግ አለው።

መጀመሪያ የመጣችው የሺ ናት። ልጇ ማህሌት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤት ያለው ብልቃጧ ለሐሙስ ጠዋት አይደርስም። የሺ ከሰኞ ጀምሮ ሰላምታ ስትመልስ እንኳ «ሐሙስ» የሚል ቃል ጣል ታደርግ ነበር።

«እንዴት ዋለ?» አለች ፍሪጁን በአገጯ እያመለከተች።

«ደህና ነው።»

«እስቲ ልየው።»

«አይከፈትም ተብሏል፣ የሺ።»

«አንዴ ብቻ። ልጄ ናት እኮ።»

ወንድምን መመለስ ይቻላል። እናትን መመለስ ግን ፈይሩዝ አልሆነላትም። የሺ ከፈተች፣ እጇን አስገብታ ብልቃጦቹን ነካ ነካ አደረገች፣ «ተመስገን» ብላ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከርሷ ቀጥሎ የመጡትም ሁሉ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ሁሉም አንዴ ብቻ ነው የከፈቱት። አንዲት ሴትዮ የፍሪጁን አናት በእጇ ጀርባ ዳበሰችና «ትኩሳት የለውም» አለች። ሁለት ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ለማን እንደሚሰጡት ግራ ሲገባቸው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡት። አንድ የቀወት ገጠር ገበሬ በመንገዱ ጎራ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት፤ ሲወጣም «አላህ ያሽርህ» ብሎታል።

ጋሼ ደምሴ በየሰዓቱ ይመጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ስኳር ከያዛቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ፍሪጁን ይከፍታሉ፣ ውስጡ የተንጠለጠለውን ሙቀት መለኪያ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያነባሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ስድስት ዲግሪ። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት።

«ጋሼ ደምሴ፣ እየጨመረ ያለው አንቱ ስለሚያዩት ነው።»

«ካላየሁት መጨመሩን በምን አውቃለሁ?»

«ካላዩት አይጨምርም።»

«ይሄ ሳይንስ አይደለም፣ ፈይሩዝ። ይሄ እምነት ነው።»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ፈይሩዝ የሰፋችውን ዩኒፎርም ልታደርስ ወጣች፤ ቤቱን ለጋሼ ደምሴ አደራ ብላ ነበር። ሁለት ሰዓት ቆይታ ስትመለስ ፍሪጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁልጊዜ ዘግታ የምትይዘው የምዕራብ መስኮትም ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብላ ገብታ መደርደሪያው ላይ ተኝታለች። ጋሼ ደምሴ በከዘራቸው ሙቀት መለኪያውን እየጠቆሙ፣ ሜርኩሪ ለምን ሽቅብ እንደሚወጣ ለሁለት ጠያቂዎች ያስተምራሉ።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«ቁጥሩ ደቃቅ ነው። ብርሃን ይፈልጋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተከፈተው?»

ጋሼ ደምሴ ሁለቱን ሰዎች ተመለከቱ። «ጥያቄ ነበራቸው» አሉ።

ሙቀት መለኪያው ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ፈይሩዝ መስኮቱን ዘጋች፣ ፍሪጁን ዘጋች። ጋሼ ደምሴ ያንን ቁጥር ሳይጽፉት ደብተራቸውን አጠፉ።

ሲስተር ሩት ተጠርታ መጣች። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው። «በዓይን ጥሩ ነው፤ አልጓጎለም» አለች። «ግን ሙቀት ያደከመው ኢንሱሊን ሁልጊዜ በዓይን አይለይም።»

«ታዲያ በምን ይለያል?» አለች የሺ ከበሩ ላይ። መቼ እንደመጣች ያየ የለም።

«በደም ነው። ተወግቶ ስኳሩ ከወረደ ይሠራል። ካልወረደ...» ሩት የያዘችውን ብልቃጥ ወደ ቦታው መለሰች።

«ሐሙስ» አለች የሺ።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ሷሊሕ አህያ እየነዱ ደረሱ። ቀወት ውስጥ ማሽላ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፣ የማኅበሩም አባል። አህያዋ አንድ አፈ ሰፊ ጋን፣ አንድ ማሰሮና ግማሽ ጆንያ የወንዝ አሸዋ ተጭናለች።

«እኔ ቤት መብራት ገብቶ አያውቅም» አሉ። «ስለዚህ ጠፍቶም አያውቅም። ቤት ያለችኝን ብልቃጥ በዚህ ነው የማኖራት።»

«አሥራ አራታችንም አንድ ማኅበር አይደለን እንዴ? ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» አሏቸው ጋሼ ደምሴ።

«ፍሪጅ ስታመጡ ደስ ብሏችሁ ነበር።»

ማሰሮውን ጋኑ ውስጥ ከተቱት፣ መሐሉን በአሸዋ ሞሉት፣ አሸዋውን ውሃ አጠጡት። ብልቃጦቹ በላስቲክ ተቋጥረው ማሰሮው ውስጥ ገቡ፤ አፉ በርጥብ ጆንያ ተከደነ፤ ጋኑ የጓዳው ጥግ ተቀመጠ። ቆይተው ሲያዩት ሙቀት መለኪያው ሃያ አምስት አለ።

«ይበቃል» አለች ሩት። «መጀመሪያውኑ ካልተበላሸ በዚህ ሙቀት አንድ ወር ይቆያል። አሸዋው እንዳይደርቅ፣ ክዳኑ እንዳይነሳ።»

የአሸዋው ነገር ቀላል ነው። ችግሩ ክዳኑ ነው። ፈይሩዝ በሩን ብትቆልፍ ሰፈሩን እንደ ሌባ ቆጠረችው ይባላል። እያንዳንዱን አይሆንም ልበል ብትል ደግሞ «ልጄ ናት» ይመጣል፣ «ባሌ ነው» ይመጣል። ረቡዕ ጠዋት ስፌት መኪናዋ ጋ ቁጭ ብላ ስታስብ፣ በሮቢት ሰው የማይደፍረው መጋረጃ አንድ ብቻ ትዝ አላት። ተነስታ ለደንበኛ የተቆረጠ አበባማ ጨርቅ የጓዳው በር ላይ ሰቀለች፤ በርጩማዋን ከፊቱ አድርጋ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች ገባች።

«እንዴት አደረ? እስቲ ልየው።»

«ከፀሐይ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እዚያው ቁጭ በይ። ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ ጋ አይገባም።»

ሴትዮዋ ያነሳችውን እግር መልሳ አስቀመጠች። ማን ወለደች ብላ አልጠየቀችም። ምች ከጠያቂ ጋር ተሳፍሮ አራስ ቤት እንደሚገባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቃል። ሮቢት ላይ ደግሞ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ከፀሐይ ያልመጣ ሰው የለም።

«ምን ላምጣላት ታዲያ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ውሃ። ውሃ ነው የምትወደው።»

አራስ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ለቀትር ኒሙ ሥር ጀሪካን ተሰለፈ። ፓምፑ በመብራት ስለሚሠራ ውሃው ከወንዝ በአህያና በጀርባ ነው የመጣው፤ ያጉረመረመ ግን አልነበረም። አንዲት ጎረቤት የገንፎ ቅቤ ይዛ መጣች። ፈይሩዝ አመስግና ተቀበለቻት፤ ማስረዳቱ ይረዝማል።

ጋሼ ደምሴ አምስት ሰዓት ላይ ብቅ አሉ።

«ከፀሐይ ነው የመጡት?»

«ፈይሩዝ፣ ምች የሚባል ነገር በሳይንስ የለም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«እሺ። ይግቡ።»

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችላቸው። ጋሼ ደምሴ መጋረጃውን አዩት። ዘወር ብለው ኒሙ ሥር የተቀመጡትን ሴቶች አዩ፤ ሴቶቹም አዩዋቸው። ቢያንስ ግማሾቹ የርሳቸው ተማሪ ነበሩ።

«እዚሁ ይሻላል፤ ነፋሻ ነው» ብለው ከሴቶቹ ጎን ተቀመጡ።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተር ሩት መለኪያዋን፣ የሺ ልጇን ይዘው ሲመጡ ጋሼ ደምሴ ደጃፉ ላይ ቀድመዋቸዋል።

«ፀሐይ ሳትወጣ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሩት ከማሰሮው አንድ ብልቃጥ አውጥታ መርፌ ስታዘጋጅ ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

«መጀመሪያ ለኔ ስጪኝ።»

«የእርስዎ ብልቃጥ ቤት አለ አይደል እንዴ? የአሥር ቀን ይኖርዎታል።»

«አለኝ። የዛሬውን ግን አልተወጋሁም። ሌላ የሚሞከርበት ሰው ካለሽ ጥሪው።»

ሩት የሺን አየች። የሺ ልጇን አየች። ማህሌት ግድግዳውን ተደግፋ የጂኦግራፊ ደብተሯን ታነባለች፤ ፈተና አለባት።

መለኪያው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለ። ጋሼ ደምሴ ተወጉ፤ እንደ ወትሯቸው አንድ ቁራሽ ዳቦ በሉ። መድኃኒቱ ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነው የቀረው።

ፀሐይ ወጣች። ጠያቂዎች ውሃቸውን እያኖሩ ኒሙ ሥር ተቀመጡ፤ ያን ቀን ማንም «እንዴት አደረች?» አላለም። ፈይሩዝ ኮሌታ ልትሰፋ ሞክራ ሁለት ጊዜ ገልብጣ ሰፋችውና ፈታችው። ጋሼ ደምሴ ከጎኗ ተቀምጠዋል።

«ፈይሩዝ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን ጥያቄ ነበራቸው ያልኩሽ ሰዎች...»

«አዎ።»

«ጥያቄ አልነበራቸውም። እኔ ነኝ ያላቆምኩት።»

«አውቃለሁ። ሁለቱም መጥተው ነግረውኛል።»

ጋሼ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዱ እንኳ ገብቶታል?» አሉ።

«ሜርኩሪው?»

«አዎ።»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሩት ጣታቸውን ወጋች። መለኪያው ቁጥር እስኪያወጣ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል። የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መቶ ስድሳ ስምንት» አለች ሩት። ለየሺ ጀርባ ደግሞ ረጋ ብላ ደገመችው። «ወርዷል፣ እትዬ የሺ። ይሠራል።»

የሺ እልልም አላለች፣ አላለቀሰችም። ዘወር ብላ የልጇን ደብተር ከእጇ ወስዳ ከደነችው። «ነይ፣ ሆድሽን ግለጪ» አለቻት።

ማህሌት ተወጋች። ሩት መርፌውን ስታወጣው ልጅቷ ቅንድቧን ሰብስባ ማሰብ ጀመረች።

«ምነው? አመመሽ?» አለች እናቷ።

«አላመመኝም። ከፍሪጁ አዲስ የወጣው ነበር የሚያመኝ፤ በጣም ይቀዘቅዛል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?»

«ለፍሪጁ ስታስቡ አይቼ።»

ጋሼ ደምሴ ደብተራቸውን አውጥተው መቶ ስድሳ ስምንትን ጻፉ። ከበላዩ የማክሰኞው መስመር ባዶ ነበር፤ ትንሽ አዩትና ሠላሳ ዘጠኝ ብለው ሞሉት። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ውጭ ላሉት ሊነግሩ ወጡ።

«ስንት ቀን ቀረን?» አለች ፈይሩዝ።

«ሃያ ሦስት» አለች ሩት።

ፈይሩዝ ከሰልፉ መጀመሪያ ያለውን ጀሪካን አነሳች፣ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። አሸዋው ዳር ዳሩን መድረቅ ጀምሮ ነበር።