የማን ልጅ ነሽ?

ቤተ እስራኤሏ አሰፋሽ እስራኤል አገር የገባችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግር፣ ከሱዳን በአውሮፕላን። ሲወርዱ ወታደሮች ብርድ ልብስ አለበሷቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የሃይማኖት መሪዎቹ፣ ራቢዎች፣ መጡና፣ አይሁድነታችሁ ስለሚያጠራጥር እንደ አዲስ አማኝ ውሃ ውስጥ ግቡ አሏቸው። እናቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከአባት ከአያቶቼ ጀምሮ የጠበቅኩትን ማን ይሰጠኛል ብለው እንቢ አሉ፤ ያን ቀን ሲያለቅሱ አሰፋሽ አየች። ያመጣን የእስራኤል መንግሥት፣ የጠረጠረን ሃይማኖቱ ብላ ያኔውኑ ደመደመች።

አድጋ ወታደር ሆነች። ለባንዲራው ማለች፤ ምኩራብ ግን አልረገጠችም። ስታገባም፣ እስራኤል ውስጥ ያለ ራቢ ጋብቻ ስለማይፈጸም፣ ራቢ ፊት ላለመቆም ቆጵሮስ ሄዳ ማዘጋጃ ቤት ፈረመች። እናቷ ሠርጉ ላይ አልተገኙም።

ከባሏ ከተለያየች በኋላ ልጇን ይዛ አሜሪካ ሄደች፤ እናቷንም አትላንታ አመጣቻቸው። እሷ መሀል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ኖርክሮስ ነው። ክርክሩም አብሯቸው መጣ።

"መንግሥት ባይኖር ጸሎትሽ አውሮፕላን አይሆንም ነበር" ትላለች አሰፋሽ።

"ጸሎቱ ባይኖርስ ወዴት እንደምትበሪ በምን ታውቂ ነበር?" ይላሉ እናቷ።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ጸደይ ላይ ልጇ ሳሮን፣ ከእጮኛዋ ከኢዩኤል ጋር በራቢ እጅ መጋባት እንደሚፈልጉ ነገረቻት። ራቢው እናቷንና አያቷን ማነጋገር ይፈልጋል። አሰፋሽ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልዋጥ አላት። ውሃ የሚል ቃል ካነሳ ተነስቼ እወጣለሁ አለች። ሳሮን፣ ማሚ ፕሊስ፣ አንዴ ብቻ ስሚው ብላ ለመነቻት።

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ራቢው ወዳለበት ሰፈር፣ ቶኮ ሂልስ፣ ሄዱ። አሰፋሽ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ትንሽ ተቀመጠች። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመው ወረዱ።

ራቢው ጺሙ ገና ያልሞላ፣ ትሑት ሰው ነበር። መጀመሪያ ያነጋገረው ወይዘሮ ዘውድነሽን ነው፤ አሰፋሽ እያስተረጎመች። እናታቸው ማን እንደነበሩ፣ ማን እንደዳራቸው ጠየቃቸው። እሳቸውም ቄስ መርዕድ የተባሉ የቤተ እስራኤል ካህን አጎታቸው እንደዳሯቸው፣ ለጋብቻው ዘመድ እስከ ሰባት ትውልድ እንደተቆጠረ ነገሩት፤ የእናታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም ሳይደነቃቀፉ ጠሩለት። ራቢው አንዱ እንዳያመልጠው እየጠየቀ ጻፈ።

ከዚያ ወደ አሰፋሽ ዞረና የት እንዳገባች ጠየቃት።

"ቆጵሮስ" አለች፤ ቦርሳዋን ጨብጣ። "ቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ አልጸልይም። አይሁዳዊነቴ አገሬ ነው።"

ራቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እኔ ማወቅ የምፈልገው የማን ልጅ እንደሆንሽ ነው። እናትሽ አይሁዳዊት ናቸው፤ አንቺም ነሽ፤ ልጅሽም ናት። የቀረኝ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ነው።"

"ውሃስ?"

"የምን ውሃ?" ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር። ነገሩ ሲገባው አንገቱን ደፋ፤ በዚያ ዘመን ለደረሰባቸው ነገር ይቅርታ የመጠየቅ ሥልጣን ባይኖረውም እንደሚያዝን ነገራት።

አሰፋሽ ይህን ለእናቷ ማስተርጎም አቃታት። ሳሮን በተሰባበረ አማርኛዋ ጨረሰችላት። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሰምተው፣ አይሁድነታችንን እኔማ አውቀው የለ ወይ አሉና የልጃቸውን ጉልበት ያዙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢውፎርድ ሃይዌይ በመኪና ተዘጋግቶ ነበር፤ አሰፋሽ ግን አልተበሳጨችም። ድንገት ራባት። ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ከሙሽሮቹ በላይ የእስራኤል ባንዲራ ይሰቀል አለች፤ እናቷ፣ ለሙሽራ ከራሷ በላይ የእግዚአብሔር ሰማይ ይበቃታል ብለው ተቃወሙ። እስኪደርሱ ተከራከሩ፤ ሳሮን ከኋላ ሆና ሁለቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ ሲጣሉ ሰማቻቸው።