ግባ ያለኝ ማነው?

«ኧረ አትነሱ! በሞቴ አትነሱ!» አሉ ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፉ ላይ ሆነው።

ሁሉም ግን «ኖር!» እያለ ተነሳ። ሹፌሩም ተነሳ። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ሲነሳ ሲቀመጥ ጉልበቱ አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ይሄን የት ለምዶት! ከሶፋው ጫፍ፣ ከወንድሙ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ያቀዘቅዛል። የስፌት መኪናው ላይ በግማሽ የተሰፋ ሱሪ እንደተዘረጋ ነው፤ ሟቹ ልብስ ሰፊ ጀምሮት የሄደውን ማንም ሊያነሳ አልደፈረም።

ለቅሶ ቤት ወሬው መቼም ሟች ላይ ብቻ አይቆምም፤ ዞሮ ዞሮ ስልክ ላይ ደረሰ። ሰሞኑን የወጣው፣ ቤተሰብ «ክፍል» ከፍቶ የሚያወራበት አዲሱ አፕ ተነሳ።

«እኔስ ወድጄዋለሁ» አሉ ፀጉር አስተካካዩ። «ባትሪውን ይጨርሰዋል እንጂ፣ በየአገሩ የተበተኑ ልጆቼን አንድ ክፍል ሰብስቦልኛል።»

«እኔ እንኳን አጥፍቼዋለሁ» አለች ጎረቤቷ ዳቦ ሻጭ። «ሳላውቅ ምኑን እንደነካሁት እንጃ፣ ለደንበኛዬ የድመት ጆሮ አብቅዬ ታየሁት! ከዚያ ወዲያ ማን ዳቦ ይገዛኛል?»

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው!» አለ አንዱ፣ ራሱ ሳቁን በመዳፉ አፍኖ።

ሹፌሩ አልሳቀም። ያ አፕ በተነሳ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ይዳብሳል።

አፑ እንደወጣ ክፍል በመክፈት እሱን የቀደመው አልነበረም። ያደጉባት ቤት ፈርሳለች፣ እናታቸውም ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ ክፍሉን «እናታችን ቤት» ብሎ ሰየመውና አንድ ሰው ብቻ ጠራ፤ ታላቅ ወንድሙን። ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገው እሱ ነው። ከደንበኛ ጨርቅ በተረፈ ቁርጥራጭ ሱሪ እየሰፋ ትምህርት ቤት ልኮታል፤ ጎማ ሲያንከባልል ውሎ አቧራ ለብሶ ሲመጣ «ጎማው» ያለውም እሱ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ መኪናውን ጥላ ስር ያቆምና ክፍሉን ይከፍታል። ባዶ። በማግስቱም ባዶ። ስልክ ሲደዋወሉ ስለ ጤና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጨርቅ ያወራሉ እንጂ ስለ ክፍሉ ማንም ትንፍሽ አይልም። ለምን አልመጣህም ተብሎ ይለመናል እንዴ? ጎማው አኮረፈ። መጀመሪያ ስልኩን ቶሎ ቶሎ መዝጋት ጀመረ፣ ኋላም ጭራሽ መደወል ተወ። አሁን እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ ተቀይሞኝ ነው የሞተው?

በማግስቱ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ቀለል ብሎ ነበር። ወሬው ግን እዚያው አፕ ላይ ነው። የሟች ሚስት ድንገት ፈገግ አለች።

«እሱን ያህል በዚህ ነገር ያሳቀኝ የለም። ‹ግባ› የሚል ትልቅ ቁልፍ አለ አይደል? ‹ንካው በቃ› ስለው፣ ‹ግባ ያለኝ ማነው?› አይለኝም! ‹ስልኩ ነዋ!› እላለሁ። ‹ስልኩ ባለቤት ነው እንዴ? ባለቤቱ ሳይጠራኝ ሰው ቤት ዘው ልበል?›»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሹፌሩ ብቻ ክው አለ።

«እና ምን አደረገ፣ እትዬ?»

«ምን ያደርጋል! ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ከ‹ግባ› ጎን ያለችውን የድምፅ ምልክት ይጫንና ‹ቤቶች!› ይላል። ከዚያ መርፌው ላይ ክር እያስገባ ይጠብቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹እንዳትነግሪው› ብሎኝ ነዋ! ‹መንገድ ላይ ይሆናል፣ ሲመቸው ይከፍትልኛል› ይላል። ኋላ ኋላ ግን ከፋው። ‹ጎማውን ምን አስቀይሜው ነው?› ይለኝ ነበር።»

ስልክ ቤት የምትሠራው የሟች ልጅ ከጓዳ ብቅ አለች። «አጎቴ፣ ስልክህን እስቲ።» ነካ ነካ አድርጋ መለሰችለት። «ይኸው፣ ‹በር ላይ› የሚለውን አየኸው? ሳይገባ የቆመ ሰው ድምፅ የሚቀመጠው እዚህ ነው። ገና አዲስ ስለሆነ ድምፅ ሲመጣ አይጠራም። ስንቱ ሰው መጥቶ ጮኸብን መሰለህ!»

ተጫነችው።

«ቤቶች!» አለ የልብስ ሰፊው ድምፅ። ከኋላው መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ይሰማል።

«ቤቶች! ጎማው፣ አለህ?»

የመጨረሻውን ስትከፍተው ሳል ቀደመው። «ቤቶች! ... እሺ በቃ፣ ነገ እመለሳለሁ።»

በቀብሩ ቀን እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ። ሹፌሩ እንደ ልጅ አለቀሰ። «አልተቀየመኝም! እትዬ፣ በር ላይ ነበር እኮ! እኔ ውስጥ ሆኜ ስጠብቀው እሱ በር ላይ ቆሟል!»

«ተዋደዳችሁ እንጂ አልተቀያየማችሁም» አለችው እሷም እያለቀሰች። «እኔ ነኝ አፌን የዘጋሁት፣ ሞኟ!»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። «‹አስገባ› የሚል አለ፣ አጎቴ። ልተወው ወይስ...?»

«የጋሼ ስልክ ክፍት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«አዎ። እማዬ ‹እንዳይጠፋ› ስላለች በየቀኑ ቻርጅ እሰካዋለሁ።»

«መጀመሪያ እሱን አስገባ፤ ለጥቆ እኔን» አለች የሟች ሚስት ዓይኗን እየጠረገች። «ልጅቷንም። ከእንግዲህ ያቺ ቤት ባዶ አትውልም።»

ሹፌሩ አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ተጫነ። ከስፌት መኪናው ላይ፣ ከዚያ ካላለቀው ሱሪ ስር፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። እጁ ላይ ያለው ስልክ «አንድ ሰው ገብቷል» አለ።

ጥግ ላይ ያንቀላፉት ፀጉር አስተካካይ ባነኑ። «ማነው የመጣው?»

«ኖር፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። ከዚያም ተመልሶ ሲቀመጥ ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።