ሺህ ጊዜ የተጠቀሰው ጥናት

«ጢን!»

ድምፁ ከኮሪደሩ መጣ፤ ሰውዬው ገና አልታየም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ በሩ ዞረች። ፕሮፌሰሩ፣ ዓለም ላይ ማንም ሰው ጥናቱን በጠቀሰ ቁጥር ስልኩ እንዲጮህ አድርጎታል። ምሳ ላይ ይጮሃል፣ ስብሰባ ላይ ይጮሃል፤ የገዛ አባቱ ቀብር ላይ ጮሆ እንኳ ከኪሱ አውጥቶ ሳያየው አላለፈም። ባልደረቦቹ በሌለበት «አቶ ስንት ደረሰ» ይሉታል። አንቱታው ለፊቱ ይቆየውና እኛም እሱ እንበለው።

«እህትዓለም፣ ስንት ደረሰ በይኝ!» አለ ገና ሳይገባ።

«ስንት ደረሰ?»

«አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለት!»

ይህ ሁሉ ለአንድ ጽሑፍ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአንድ ታካሚ ደም ውስጥ፣ ብዙ ሰው የሚወስደው መድኃኒት የማይበግረው አዲስ የኤች አይ ቪ ዝርያ አገኘሁ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ፕሮፌሰርነት ሰጠው፣ የመስታወት በር ያለው ቢሮ ሰጠው፣ አንገቱንም አስረዘመለት።

እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ዝርያው የለም። ባለሙያዋ ባለፈው ወር ከዚያው ታካሚ የተረፈውን ናሙና ከጥልቁ ማቀዝቀዣ አውጥታ ሦስት ጊዜ መረመረችው። ሦስቱንም ጊዜ ያገኘችው መድኃኒቱ ድምጥማጡን የሚያጠፋውን ተራ ቫይረስ ነው። አዲስ የተባለውማ እዚሁ ላብራቶሪ ውስጥ ለሙከራ ሲሉ መድኃኒት እንዲለምድ ያሳደጉት ነበር። ያኔ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን ሲሠሩ የዚህኛው ጠብታ ወደ ታካሚው ብልቃጥ ዘለቀ። ሰውዬው የገዛ ቤቱን ድመት ነብር ነው ብሎ አገር ጠርቷል።

«ፕሮፌሰር፣ ለክሊኒኩ የሚላከውን፣ ዝርያው የለም የሚለውን መልስ አዘጋጅቻለሁ» አለች። «የቀረው ፊርማዎ ነው።»

ክሊኒኩ የእሱን ጽሑፍ አምኖ ከሰኞ ጀምሮ የሁለት መቶ ታካሚዎችን መድኃኒት ሊቀይር ነው። ተተኪው ኩላሊት ላይ የሚከብድ ነው። «ግኝትዎ አሁንም የጸና ነው? በፊርማዎ ያረጋግጡልን» ብለው ከጻፉ ሁለት ሳምንት አልፏል።

«ዛሬ? ዛሬ መምህሬ እየመጡ? ለኢንስቲትዩቱ የዳይሬክተርነት ወንበር ለመታጨት የቀረችኝ የሳቸው ፊርማ ብቻ ናት! ሰኞ እናየዋለን።»

«ሰዎቹ ሰኞ ይጀምራሉ እኮ!»

«አንቺ ሴት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ሊቅ ተሳስቶ አንቺ ልክ ልትሆኚ?»

«ከነሱ ውስጥ ስምንት መቶው ‹ሞክረን አላገኘነውም› የሚሉ ናቸው። አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ።»

ይደነግጣል ብላ ነበር። እሱ ሆዬ ሳቀ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ቆጣሪው ያነባል እንዴ?»

በሩ ተንኳኳና መምህሩ ገቡ፤ ሰባን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ ሴት፣ የቆዳ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ፕሮፌሰሩ ወገቡ እስኪቆረጥ እጅ ነሣ፤ ወንበር ሳበ፤ ግድግዳው ላይ ወደ ሰቀለው፣ ወደ ላይ ብቻ ወደሚወጣው የጥቅስ ብዛት መስመር ጠቆመ።

«ዶክተር፣ ይኼ ሁሉ የርስዎ ድካም ነው።»

«የኔን ተወው። ምን አገኘህ?»

«አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለት።»

«ቁጥር አልጠየቅሁህም ልጄ። ስለ ቫይረሱ ምን አገኘህ?»

ጣቱ እንደገና ወደ ግድግዳው መስመር ሄደ።

ባለሙያዋ የክሊኒኩን ደብዳቤ፣ መልሱንና የሦስቱን ምርመራዎች ውጤት ፊታቸው አስቀመጠች። «ይቅርታ ዶክተር፣ ለሰኞ አይደርስም ብዬ ነው።» ፕሮፌሰሩ በዓይኑ ሊያቃጥላት ምንም አልቀረውም። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ውጤቱን ሁለቴ አዩት። ከቦርሳቸው ብዕር አወጡ። ፕሮፌሰሩ የወንበሩን ቅጽ ሊፈርሙለት መስሎት ፊቱ በራ። እሳቸው ግን ብዕሩን ለእሱ ዘርግተው ጣታቸውን ከመልሱ ግርጌ አሳረፉ።

«ፈርም።»

ፈረመ፤ ያችን ጅራቷ ገጹን የምትጠርገውን ፊርማ። ባለሙያዋ ቀለሙ ሳይደርቅ ነጥቃ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ላከችው። ክሊኒኩም ሳይውል ሳያድር «ደርሶናል፤ ለውጡን አቁመናል» አለ።

ፕሮፌሰሩ አገጩን አሻሸ። ያፈረ ይመስል ነበር፤ የሚያሰላ ሰው መሆኑ የታወቀው ቀና ሲል ነው።

«ዶክተር... ይሄ እርማት በወጉ ቢታተም... እሱም ይጠቀሳል፣ አይደል?»

መምህሩ ብዕራቸውን ከእጁ ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ካልፈረሙበት የዕጩነት ቅጽ ጋር ጨመሩ። ተነሡ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ።

«ዶክተር?» አለ።

በሩን ከፍተው ወጡ።