የዓለምነሽ በሶብላና የመስኮቱ ትንኝ

ዓለምነሽ አንድ ነገር ካለች አለች ነው። ባሏ ግዛቸው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ከማንም ጋር ሳይጋጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እቤቱ ሲገባ ግን ላለመጋጨት መንገዱን ለሚስቱ ለቆ፣ ጥጉን ይዞ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ የተቆረጡ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አፈር ተሞልተው ሳሎኑ መስኮት ላይ ሲደረደሩ አይቶ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሶፋው ሌላኛ ጫፍ ተጠጋ።

ጀሪካኖቹ ውስጥ ያለው በሶብላ ነው። አምና ደጅ ተክላው፣ ገና አበባ ሊይዝ ሲል በረዶ ጥሎ በአንድ ከሰዓት አፈር አስመሰለው። «ዘንድሮ በረዶው ከቻለ ሳሎን ገብቶ ይውሰደው» አለች። በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው፤ የጉለሌ ብርድ ደግሞ እንኳን በሶብላ ሰውም አያስጠጋ። እሷ ግን አበቀለችው። አራት አምስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍሯ ትቀነጥሰዋለች። የተቀነጠሰው ከሁለት በኩል ያቆጠቁጣል፣ ሁለቱም ሲቀነጠሱ አራት ይሆናል። አበባ ሳይጀምር ያልተቀነጠሰ በሶብላ እንደ ሸንበቆ ይመዘዝና አንዲት ራስ ይዞ ይቀራል፤ ለበርበሬውም ለሽሮውም የሚፈለገው ደግሞ የአበባው ራስ ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ትንኙ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበር። ቀጥሎ መጋረጃው ሲነካ ብን የሚል ሆነ። ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰፍራል፣ ሰው አፉን ከፍቶ እንዳያወራ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓለምነሽ ከትንኝ ጋር ተቻችላ በኖረች። ነገር ግን አንድ ልጇ ሳምሪ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። የበኩር ልጅ የሚታረሰው በእናት ቤት ነው፤ ወጉ ይኸው ነው። የአራስ አልጋው ከበሶብላው ሥር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተዘርግቶ፣ አንሶላው ታጥቦ እየጠበቀ ነው። ሌላ አልጋ የሚገባበት ቦታ ቤቱ የለውም።

አንድ እሑድ ሳምሪና ባሏ ኢዮሲያስ መጡ፤ የኢዮሲያስ እናት ወይዘሮ ብርሃኔም አብረው መጡ። ወይዘሮ ብርሃኔ ሻያቸውን አንስተው ሊጠጡ ሲሉ ቆም አሉ፤ በትንሿ ጣታቸው አንድ ትንኝ አወጡና የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ይሄ ነገር ከየት ነው?»

«ከአፈሩ ነው እትዬ። ያልፍለታል።»

«አፈሩን አራስ ቤት ምን አመጣው?»

«በረዶ።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ሻዩን መልሰው አስቀመጡት። «አይቀየሙኝ። የጨቅላ አፍንጫ ውስጥ ትንኝ ገብቶ ከማይ ሳምሪ እኔ ዘንድ ትታረስ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ አፈርም የለበት። ወጉን አውቀዋለሁ፣ ግን ወግም ለሰው ነው።»

ኢዮሲያስ ምንጣፉን ያያል። ግዛቸው ሳል ሳይዘው ጉሮሮውን ጠረገ። ሳምሪ ተነሥታ እናቷን ጓዳ ተከተለቻት።

«እማዬ፣ ጀሪካኖቹን አውጪያቸው በቃ።»

«አላወጣም። ትንኙን ነው የማወጣው።»

«እሳቸው እኮ ጥሩ ናቸው፣ ክፉ ሆነው አይደለም። ግን እዚያ ቤት ስተኛ እንኳ ተጠንቅቄ ነው። ሲያመኝ አንቺ ፊት ነው መጮህ የምፈልገው።» ሳምሪ ሆዷን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ለበሶብላ ብለሽ እንዳታስቀሪኝ።»

ዓለምነሽ ሰሐን ማጠቡን ቀጠለች፤ ታጥቦ ያለቀውን ነበር የምታጥበው።

የተባይ መርዝ እንዳትነፋ ለአራስ ቤት አይሆንም። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ሉብና በበሩ ብቅ ስትል ዓለምነሽን በፎጣ አየሩን ስትመታ አገኘቻት።

«ዓለም፣ ዳንስ ጀመርሽ?»

«ሳቂ አንቺ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው።»

ሉብና ወንበር ስባ አፈሩን በጣቷ ጫን አደረገችው። ጭቃ ነው። «ውሃ ታበዣለሽ። እህቴ ችግኝ ጣቢያ ስትሠራ ያየሁት ነው፤ ትንኙ እርጥብ አፈር ላይ ነው የሚፈለፈለው። ድንች አለሽ?»

ድንች ቆርጠው ቁራጩን አፈሩ ላይ ደፉት። በማግሥቱ ሲገለብጡት ከሥሩ ክር የሚያካክሉ፣ ሰውነታቸው ነጭ፣ ራሳቸው ጥቁር ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህ ናቸው ክንፍ አውጥተው ሻይሽን የሚጠጡት» አለች ሉብና። «እስከዚያ ደግሞ የተክሉን ሥር ይግጣሉ። ላዩ ይድረቅ። አሸዋ ደልድይበት። ውሃ ሲጠማው ጀሪካኑን ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው፣ በታች ባለው ቀዳዳ ይጠጣል። የሚበረውን ደግሞ ቢጫ ነገር ላይ ቫዝሊን ቀብተሽ አቁሚለት፤ ቢጫ ይወዳል።»

«ተክል በሥሩ ተዘፍዝፎ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ያላየሽው ሁሉ የለም ማለት ነው?»

ዓለምነሽ ተቆጥታ ሸኘቻት። ሉብና በሩን ከመዝጋቷ ግን ዓለምነሽ አሸዋ ፍለጋ ወጣች፤ ከሠፈሩ የግንባታ ቦታ አንድ ፌስታል ለምና አመጣችና አፈሩ ላይ ደለደለች። ከጀሪካኑ ቁራጭ ቢጫ ስባሪ አበጀች፣ ቫዝሊን ለቀለቀች፣ በየተክሉ አጠገብ ተከለች። ግዛቸውንም ጠርታ ጣቷን ቀሰረችበት። «ካሁን ወዲያ ይሄን አፈር ውሃ የሚባል ነገር አይንካው። እኔም አላጠጣም፣ አንተም አታጠጣም።»

«ኧረ እኔ መቼ ውሃ አጠጥቼ አውቃለሁ» አለ ግዛቸው።

ቢጫው ስባሪ በትንኝ ጠቆረ። ሆኖም የሞተው ሲለቀም ሌላ ይተካል። ቀን አለፈ፣ ቀን መጣ፤ ትንኙ እንደ ዝናቡ አላባራ አለ። ሳምሪ በስልክ «ቀነሰ?» ስትል ዓለምነሽ «እየቀነሰ ነው» ትላለች፣ ስልኩን እንደዘጋች ፎጣዋን ታነሣለች። ወይዘሮ ብርሃኔ አልጋ አስገዝተዋል የሚል ወሬም ደረሳት። ሰዎች ከኋላዋ ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ ቤቷ ንጹሕ አይደለም ነው የሚሉት። እሷ ደግሞ ወለሉን በቀን ሁለቴ የምትወለውል ሴት ናት።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዓለምነሽ ተሸነፈች። ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳይለምናት። በሶብላ በገበያ ይገዛል፣ ልጅ ግን አንድ ናት አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ የመጀመሪያውን ጀሪካን ደጅ ልትደፋው አቀፈችው።

ከበዳት።

መልሳ አስቀመጠችው። ውሃ ካየ የሰነበተ አፈር እንዲህ አይከብድም። አሸዋውን በጣቷ ጫረችው፤ ርሷል። ሁለተኛውን አነሣችው፣ እሱም ያው። ጣሪያውን አየች፤ አያፈስም። የመስኮቱን ጠርዝ ዳሰሰች፣ ደረቅ ነው።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ግዛቸው ገባ። ጨጓራውን ካመመው ጀምሮ በየማለዳው ቁስቋም ወጥቶ ጠበል ጠጥቶ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ለቀኑ ይዞ ይመጣል። አዲሱን ጠርሙስ ቡፌው ላይ አቆመ። የትናንቱን አነሣ፤ ከግማሽ በላይ ተርፎታል። አማተበና፣ እሷን ከመጋረጃው ጎን ቆማ ሳያያት፣ ቀስ ብሎ ለሁሉም ጀሪካኖች እያዳረሰ አንቆረቆረው።

«ግዛቸው።»

ጠርሙሱ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የትናንቱን ነዋ። ሲንክ ላይ ጠበል ይደፋል እንዴ? እግር የማይረግጠው ቦታ ይሄ ብቻ ነው። ደጁን እንደሆነ ተከራዩ ሁሉ ይራመድበታል።»

«ውሃ አታጠጣ አላልኩህም?»

«ውሃ መቼ አጠጣሁ?» አለ ግዛቸው ከልቡ ተገርሞ። «ደግሞ ለተክሉም በረከት ነው ብዬ። ሳምሪንም በየቀኑ እያነሣሁ ነው የማፈስሰው፣ በሰላም እንድትገላገል።»

ዓለምነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግዛቸው የምታለቅስ መስሎት ተጠጋ። እየሳቀች ነው። ሻሿ እስኪወድቅ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዓይነ ጥላም አይደለም፣ ቆሻሻም አይደለም፣ የሰው ዓይንም አልበላትም። ይሄ ምስኪን ሰው ነው።

«ዓለም፣ ጠበሉ ነው እንዳትዪኝ ብቻ» አለ ፈራ ብሎ።

«ጠበሉ ምን አደረገ? ጥፋተኛው አንተ ነህ። በረከቱን በጠብታ ብትሰጠው ባልከፋ፣ አንተ አጥምቀህ ልታሰጥመው ነው።» እንባዋን ጠረገች። «ከአጥሩ ሥር ያለችውን ኮክ አታውቃትም? እሾኽ ከቧት ዶሮ እንኳ አይደርስባትም። እዚያ አፍስስ። የሳምሪንም ጸሎት እዚያው አድርስ፣ ይሰማል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግዛቸው ዝናብ ቢዘንብም በጃንጥላ ወደ ኮኳ ይሄዳል። አሸዋው ነጣ። አፈሩ ከጀሪካኑ ጠርዝ ሸሸ። ዓለምነሽ ጀሪካን እያነሣች ትመዝናለች፤ ቀሎ ያገኘችውን ብቻ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ላዩ ሳይርስ ጠጥቶ ይወጣል። ትንኙ መጀመሪያ ሰነፈ፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሻይዋን እስከ አተላው ጠጥታ ጨረሰችና ብርጭቆውን አገላብጣ አየችው። ምንም የለበትም። በሶብላው ደግሞ ሥሩ ስለተረፈለት ቅጠሉ ጠቆረ፣ ሰፋ፤ የመጨረሻውን ቅንጠሳ ቀንጥሳ እጇን ስታሸት ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ሉብና የነገረችሽን እኮ ነው ያደረግሽው» አላት ግዛቸው።

«እኔ በራሴ የደረስኩበት ነው። እሷ የነገረችኝ ስለ ድንች ነው።»

ሳምሪን ከታሰበው ቀን ቀድሞ ምጥ ያዛት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አደሩ፤ ሲነጋ ሴት ልጅ ተወለደች። መውጫቸው ሲደርስ ኢዮሲያስ መኪና ሊጠራ ስልኩን አወጣና «ወዴት ልበል?» ብሎ ሁለቱን እናቶች ተራ በተራ አየ።

«እማዬ ጋ» አለች ሳምሪ።

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ። «እንዳየሁት ከሆነ ግን ይዣት ነው የምመለሰው። አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።»

«ይምጡ እትዬ» አለች ዓለምነሽ።

ወይዘሮ ብርሃኔ እንደገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ መስኮቱ ጋ ሄዱ። መጋረጃውን ይዘው አራገፉት። ጠበቁ። ትራሱን አነሡ፣ ብርድ ልብሱን ገለጡ፣ ጣታቸውን አሸዋው ውስጥ ሰደዱና ደረቅ እንደሆነ አወጡት። ከዚያ አንዷን ቢጫ ስባሪ አነሡ።

«ይሄ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ምንድነው?»

«መቃብራቸው ነው።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ስባሪዋን በቦታዋ መለሱ፣ ሕፃኗን ከኢዮሲያስ ተቀብለው አልጋው ላይ፣ ከሳምሪ ብብት ሥር አስተኟት። ሳምሪ ገና ጀርባዋ ፍራሹን ሲነካ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዓለምነሽ የብርድ ልብሱን ጫፍ በሳምሪ እግር ላይ ሳበች። 

«ኢዮሲያስ» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ጫማቸውን እያወለቁ፣ «ሂድና ጋቢዬንና የሌሊት ልብሴን አምጣልኝ።»

«ለምን እማዬ?»

«አራስ በአንድ ሰው ይጠበቃል እንዴ? ሶፋው ይበቃኛል።»

ግዛቸው ሶፋውን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ጋቢውን አነሣና ወደ ጓዳ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች እሳት ዳር ገብተው ገንፎውን አገነፉ። አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ዱቄት ትነሰንሳለች። ዓለምነሽ የገንፎውን መሀል ጎድጎድ አድርጋ የነጠረ ቅቤ ስታፈስስ ወይዘሮ ብርሃኔ ከትከሻዋ በላይ አዩ።

«ቅቤው አልበዛም?»

«አልበዛም እትዬ» አለች ዓለምነሽ፤ አንድ ማንኪያ ጨመረችበት።